ዛፍ በሌለበት ሸለቆ 200,000 ግንድ

እስቲ አንድ እንቆቅልሽ ልስጣችሁ። ዙሪያውን ብታማትሩ ከቁጥቋጦ በቀር ጥላ የሚሆን ዛፍ አታገኙም። ወንዙ ዝናብ ካልጣለ ውኃ የለውም። በቅዝቃዜው ወራት በረዶ ይጥላል፣ በሙቀቱ ወራት መሬቱ ይፋጃል። ከ1,000 ዓመት በፊት እዚህ ቦታ ላይ ብረት የማያውቁ፣ ጋሪ የሌላቸው፣ ፈረስም አህያም በሬም ያላዩ ሰዎች እስከ አራት ፎቅ የሚደርሱ የድንጋይ ሕንፃዎችን አቆሙ። ለጣሪያና ለወለል ብቻ ከ200,000 በላይ ግንድ እንደፈጀባቸው ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ያ ሁሉ ግንድ ከየት መጣ? በምን መጣ? ከዚህ ሁሉ ቦታስ ለምን እዚያ?

ቦታው ቻኮ ይባላል። በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ሸለቆ ነው። ሕንፃዎቹን የሠሩት የዛሬዎቹ የፑዌብሎ ሕዝቦች አያት ቅድመ አያቶች ናቸው። «አሜሪካ ምን ታሪክ አላት፣ ትናንት የተቆረቆረች አገር» የሚል ወዳጅ ካላችሁ መኪና ውስጥ አስገቡትና ይህን መንገድ ይዛችሁት ሂዱ። በክርክር የማይረታ ሰው በግንብ ይረታል።

ጉዞው ከአልበከርኪ ከተማ ይጀመር። ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ነዳችሁ በርናሊዮ ላይ አውራ ጎዳና 550ን ትይዛላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራችሁ ማየት ብቻ ነው። ሳን ኢሲድሮ አካባቢ መሬቱ በድንገት ቀለም ይለውጣል፤ ቀይ፣ ከላዩ ቢጫ፣ ከዚያም አመድማ ንብርብር። በስተግራ፣ ርቆ፣ ከሜዳው ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ የወጣ ጥቁር ጉብታ ታያላችሁ። ካቤሶን ይባላል፤ የጠፋ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ነው። ጉሮሮው ውስጥ የረጋው ቅልጥ ዐለት ጠንክሮ ሲቀር፣ በዙሪያው የነበረውን ለስላሳ አፈርና ድንጋይ ዝናብና ነፋስ ጠርገው ወሰዱት። አካባቢውን ሁሉ የቀረጸው ይህ አሠራር ነው፤ ጠንካራው ይቀራል፣ ለስላሳው ይሄዳል። አምባዎቹ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነውም ከላይ ጠንካራ ንብርብር ስለ ደፉ ነው። ከመንገዱ ዳር እስከ አድማስ የተዘረጋው አመድማ ቁጥቋጦ ደግሞ የአሪቲያችን ዘመድ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ መስኮት ብትከፍቱ ሽታው ይነግራችኋል።

በረሃ ስላልኩ ቆላ እንዳይመስላችሁ። ቻኮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታው አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው ድርቀቱ ነው።

ናጊዚ የተባለችው መንደር ከመድረሳችሁ በፊት ምልክቱ ወደ ግራ ያዞራችኋል። አስፋልቱ ጥቂት ያባብላችሁና ይተዋችኋል፤ ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ነው። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ይከተላችኋል፣ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጭቃው መንገዱን ጨርሶ ይዘጋዋል። ብዙ ሰው በዚህ ያማርራል። እኔ ግን ፒስታውን እወደዋለሁ። አውቶቡስ እንደ ልቡ የሚገባበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ግንቡ ሥር ብቻችሁን መቆም አትችሉም ነበር።

ከሕንፃዎቹ ሁሉ ትልቁ ፑዌብሎ ቦኒቶ ነው። ከ600 በላይ ክፍሎች አሉት። ግንባታው በ850 ገደማ ተጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) እየተጨመረ፣ እየተለወጠ፣ እስከ 1150 ገደማ ሦስት ምዕተ ዓመት ወስዷል። ቅርጹ ግማሽ ክብ ነው፤ ቀጥተኛው ግንብ በስተደቡብ፣ ቅስቱ በስተሰሜን ወደ ገደሉ፣ መሐሉ ሰፊ አደባባይ። አደባባዩ ላይ ክብ ጉድጓዶች አሉ፤ ኪቫ ይባላሉ። ጥንት ጣሪያ ነበራቸው፤ ሰዎች በመሰላል እየወረዱ ለሥርዓትና ለስብሰባ ይቀመጡባቸው ነበር። የዛሬዎቹ ፑዌብሎዎችም ኪቫ አላቸው፤ የውጭ ሰው ግን አይገባበትም።

ግንቡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ውስጡ በጭቃ የተያያዘ ሻካራ ድንጋይ ነው። ከውጭና ከውስጥ በኩል ደግሞ በጥንቃቄ የተጠረበ ስስ ድንጋይ ተደርድሮ ለብሷል። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ግንቡ ይሳሳል፤ ታችኛው ፎቅ የላይኞቹን ክብደት እንዲሸከም ታስቦ ማለት ነው። ዓይን የሚሞላው የድንጋዩ አደራደር ነው። አንድ መስመር ወፍራም፣ ቀጥሎ ሦስት አራት መስመር ስስ፣ እንደገና ወፍራም። የሚገርመው ይህ ሁሉ ውበት በልስን ተሸፍኖ ነበር። ማንም እንደማያየው እያወቁ አስውበው ሠሩት። ለዚህ ግንበኛ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ድንጋዩስ እዚያው ገደሉ ሥር ነው። ወደ ግንዱ እንመለስ።

ከበሮቹ ጉበን ላይና ከግንቡ ውስጥ የግንድ ጫፎች ብቅ ብለው ታያላችሁ። ብዙዎቹ ያኔ የገቡት ናቸው፤ ደረቁ አየር አላስበሰበሳቸውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እነዚህ ሕንፃዎች መቼ እንደ ተሠሩ የሚያውቅ አርኪዮሎጂስት አልነበረም። መልሱን ያመጣው ደግሞ የከዋክብት ተመራማሪ ነው። ኤ. ኢ. ዳግላስ ይባላል። ፀሐይ ላይ የሚታዩት ነቁጦች በምድር ዝናብ ላይ ለውጥ ያመጡ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የብዙ መቶ ዓመታት የዝናብ መዝገብ ያስፈልገዋል። ማን መዘገበ? ዛፍ መዘገበ። በዚህ ደረቅ አገር ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ያበጃል፤ ዝናብ የጠገበ ዓመት ሰፊ፣ የድርቅ ዓመት ቀጭን ቀለበት ይተዋል። ሰፊ፣ ቀጭን፣ ቀጭን፣ ሰፊ፣ ሰፊ እያለ የሚሄደው ቅደም ተከተል ረዘም ሲል ደግሞ የሌላ ዘመን ቅደም ተከተል አይገጥመውም። ስለዚህ ዛሬ ከተቆረጠ ዛፍ ተነሥታችሁ፣ ቀለበቱን ከሸመገለ ዛፍ ጋር፣ እሱን ደግሞ ከአሮጌ ቤት ግንድ ጋር እያገጣጠማችሁ ወደ ኋላ መሄድ ትችላላችሁ።

ዳግላስ እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ተሰናከለ። ከፍርስራሾቹ በተሰበሰቡ ግንዶች የ585 ዓመት ተከታታይ መዝገብ አገኘ። ግን መዝገቡ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ነበር፤ ከዛሬ ጋር የሚያያዝበት ክር የለውም። የትኛው ሕንፃ ከየትኛው በስንት ዓመት እንደሚቀድም ያውቃል፣ ዓመቱን ግን አያውቅም። በሰኔ 1929 ሁለት ወጣት ረዳቶች፣ ሊንደን ሃርግሬቭና ኤሚል ሃውሪ፣ አሪዞና ውስጥ ሾው ሎው በምትባል ትንሽ ከተማ ሲቆፍሩ ከሰል የሆነ ግንድ ወጣ። ኤች ኤች 39 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የውስጠኛው ቀለበት 1237፣ የውጭኛው 1380 ሆኖ ተገኘ። በዚያች ሌሊት ሁለቱ መዝገቦች ተጋጠሙ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የአንድ ክፍል ጣሪያ ግንድ የተቆረጠበትን ዓመት፣ አንዳንዴም ወራቱን ጭምር መናገር ተቻለ። በዓለም ላይ ጽሑፍ ሳይኖር እንዲህ ያለ ትክክለኛ ዘመን የሚነገርባቸው ጥንታዊ ሕንፃዎች ጥቂት ናቸው።

ቀለበቱ መቼ ብቻ ሳይሆን ከየትም ይናገራል፤ የዝናቡ ሁኔታ ከተራራ ተራራ ስለሚለያይ። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እስከ 1020 ገደማ ድረስ አብዛኛው ግንድ ከደቡብ፣ ከዙኒ ተራሮች ይመጣ ነበር። ከ1060 በኋላ ግን በስተምዕራብ ያሉት የቹስካ ተራሮች በለጡ። ሁለቱም ከቻኮ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ምንጩ የተለወጠው ቻኮ እጅግ በሰፋበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ፤ ከቹስካ በኩል ሸክላውና የድንጋይ መሣሪያው ሁሉ አብሮ መጉረፍ ጀምሮ ነበር።

እንዴት ተሸከሙት? ግንዶቹ ላይ የመጎተት ጭረት አልተገኘም፤ ስለዚህ በሰው ጫንቃ ነው የመጣው። በ2023 በታተመ ጥናት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥያቄውን በገዛ አካላቸው ፈተኑት። በራስ ላይ በሚያልፍ ማንገቻ 60 ኪሎ የሚመዝን ግንድ ለሁለት ተሸክመው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ ሆነላቸውም። የፈረንጅ ጋዜጦች ተገረሙ። በእንጦጦ ዳገት ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭነት አዝለው የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው ግን ብዙም አይደነቅም።

ለምን እዚያ? ይህ ላይ ምሁራኑ አይስማሙም፤ እኔ ደግሞ ከተጣሉበት ነገር ይልቅ የተገኘው ነገር ይስበኛል። ከፑዌብሎ ቦኒቶ የወጡ ረጃጅም ሲሊንደር መሳይ ማሰሮዎች ነበሩ፤ ለምን እንደሚያገለግሉ ሳይታወቅ መቶ ዓመት አለፈ። በ2009 ፓትሪሺያ ክራውንና ጄፍሪ ኸርስት ስብርባሪውን መርምረው የካካዎ ቅሪት አገኙበት። ካካዎ የሚበቅለው ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሞቃቱ የሜክሲኮ ምድርና ከዚያ በታች ነው። በረሃ መሐል ቸኮሌት ይጠጡ ነበር ማለት ነው! ከዚያው አቅጣጫ የመጡ ቀይ በቀቀኖች አጽምም ክፍሎቹ ውስጥ ተገኝቷል። ከሸለቆው የሚወጡት መንገዶችም ይታዩ። ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋናው 9 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ገደል ሲገጥመው አይዞርም፣ ዐለቱ ላይ ደረጃ ይፈለፈልለታል እንጂ። መንኰራኩር ለሌለው፣ የጭነት እንስሳ ለማያውቅ ሕዝብ 9 ሜትር ስፋት ምን ያደርግለታል? ለእግር ጉዞ ብቻ ቢሆን አንድ ሜትር በበቃው። እነዚህን ሳያቸው ቻኮ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ለበዓልና ለሥርዓት የሚሰበሰብበት ማእከል ነበር የሚሉት ያሳምኑኛል። ፀሐይን የሚከታተሉ ሰዎችም እንደነበሩ ማስረጃ አለ። ፋሃዳ የተባለው አምባ አናት ላይ ሦስት ድንጋዮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የተቀረጸ ጥምዝ አለ። በዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ጩቤ የመሰለ የብርሃን ዘለላ ጥምዙን መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። ሠዓሊዋ አና ሶፈር በ1977 ካየችው በኋላ ሕዝብ ተጋፋበት፤ በእግር ብዛት አፈሩ ሸሽቶ ድንጋዮቹ ተንሸራተቱ። አሁን ወደ ላይ መውጣት ተከልክሏል። ትክክልም ነው።

ሥልጣንም ነበረ። ፑዌብሎ ቦኒቶ ውስጥ ክፍል 33 በተባለች ጠባብ ክፍል 14 ሰዎች ተቀብረው ተገኝተዋል፤ ከአንዱ ሰው ጋር ብቻ ከ10,000 በላይ የቱርኩዋዝ ፈርጦች ነበሩ። በ2017 የታተመ የዘረ መል ጥናት ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ በእናት በኩል አንድ ዘር መሆናቸውን አሳየ፤ ለ330 ዓመት ያህል የቀጠለ የእናት ሐረግ። ነገሩ የሚያስደንቅ ቢሆንም የፑዌብሎ ሕዝቦች አልተማከሩም ተብሎ ብርቱ ወቀሳ ወርዶበታል። እኔም ከወቃሾቹ ጋር ነኝ። የሰው አያት አጽም ሲፈተሽ ልጁ ከጋዜጣ መስማት የለበትም።

አንድ ጎን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከፑዌብሎ ቦኒቶ በስተጀርባ ከገደሉ የተገነጠለ 30,000 ቶን የሚገመት ዐለት ዘንበል ብሎ ቆሞ ነበር። የጥንቶቹ ግንበኞች አደጋውን አውቀው ሥሩን በግንብ ደግፈውታል፤ ይህን እያወቁም ከሥሩ ኖሩ። ዐለቱ እነሱ ከሄዱ በኋላም ምዕተ ዓመታት ቆይቶ በጥር 1941 ወደቀ፤ 30 ያህል ክፍሎችንም ደረመሰ።

ከ1130 ገደማ ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህል ድርቅ ሆነ። ይህንንም የነገረን የዛፉ ቀለበት ነው። በቻኮ ግንባታው ቆመ፤ ሰውና ክብር ወደ ሰሜን፣ ወንዝ ወዳለበት፣ ዛሬ አዝቴክ ወደምትባለው ከተማ አካባቢ ተዛወረ። ከተማዋ ከሜክሲኮዎቹ አዝቴኮች ጋር ምንም ዝምድና የላትም፤ ነጭ ሰፋሪዎች በግምት የሰጧት ስም ነው። እዚያ ያለውን ታላቅ ኪቫ አርኪዮሎጂስቱ ኤርል ሞሪስ በ1934 ጣሪያውን ጭምር መልሶ ሠርቶታል። ቻኮ ላይ ክፍት ጉድጓድ ሆኖ ያያችሁት ነገር በጥንት ዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር የምትረዱት እዚህ ገብታችሁ ስትቀመጡ ነው። ቦታው ከመንገዱ ብዙም ስለማይወጣ አትዝለሉት።

ከአዝቴክ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሜሳ ቬርዴ አለ። ዴንቨርና አውሮራ ለሚኖረው ብዙ ሐበሻ ሰባት ሰዓት ያህል የሚነዳ ነው፤ ጉዞውን ከዚህኛው ጫፍ መጀመርም ይቻላል። እዚህ ያለው ድንጋይ ቻኮ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም በዳይኖሰሮች ዘመን የባሕር ዳር አሸዋ ነበሩ። ውኃ አሸዋማውን ድንጋይ ሰርጎ ይወርድና ከታች የማያሳልፍ ንብርብር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይወጣል፤ በብርድ ወራት በረዶ እየሆነ ድንጋዩን ይፈነቅላል። እንዲህ ሆኖ ገደሉ ላይ ግዙፍ ዋሻ ይከፈታል፤ ከኋላውም ምንጭ ይኖራል። ሰዎቹ አምባው ላይ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ እያመረቱ፣ ተርኪ እያረቡ ምዕተ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው በመጨረሻው መቶ ዓመት ገደማ ወርደው ዋሻዎቹ ውስጥ መንደር የሠሩት። ከሁሉ ትልቁ ክሊፍ ፓላስ 150 ያህል ክፍሎች አሉት።

የስዊድኑ ወጣት ጉስታፍ ኖርደንሾልድ በ1891 እዚህ ቆፍሮ ያገኘውን በባቡር ሊጭን ሲል ታሰረ፤ ግን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ተለቀቀና ዕቃውን ይዞ ሄደ። ስብስቡ ዞሮ ዞሮ ሄልሲንኪ ገባ። አሜሪካ ጥንታዊ ቅርሶችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1906 ነው፤ ሜሳ ቬርዴም በዚያው ዓመት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ፊንላንድ የ20 ሰዎችን አጽምና አብረው የተቀበሩ ዕቃዎችን የመለሰችው በ2020 ነው፤ የሜሳ ቬርዴ ልጆች ለአያቶቻቸው ዳግም ቀብር አደረጉላቸው። ቅርሱ ባሕር ተሻግሮ የቀረበት አገር ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገኝም።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሜሳ ቬርዴ አንዱ ነበር፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮችም እዚያው መዝገብ ላይ ናቸው። የዘመኑም ነገር ይቀራረባል። በላስታ ዐለት እየተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እዚህ ገደል ውስጥ ግንብ እየተካበ ነበር።

ከ1276 እስከ 1299 ሌላ ከባድ ድርቅ መጣ። ድርቁ ብቻውን አይመስለኝም፤ የጦርነት ምልክትም አለ፣ የማገዶና የአደን እጥረትም አለ። በ1300 አካባቢው ባዶ ነበር። አስጎብኚ መጻሕፍት «በምስጢር የጠፉ ሕዝቦች» የሚሉትን ግን አትመኑ። አልጠፉም፤ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ፣ ወደ ዙኒ፣ ወደ ሆፒ ምድር ሄዱ። ልጆቻቸው ዛሬ በኒው ሜክሲኮ ብቻ ፑዌብሎ የሚባሉ 19 ማኅበረሰቦች አሏቸው። በ1680 ፖፔይ በተባለ መሪ ተነሥተው የስፔንን ገዢዎች ለ12 ዓመት ከአገራቸው አባርረዋል። ከላጉና ፑዌብሎ የተገኙት ዴብ ሃላንድ በ2021 የፌዴራል መሬትን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሆኑ፤ በአሜሪካ ካቢኔ ከነባር ሕዝቦች የተወለዱ የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ናቸው። በ2023 በቻኮ ዙሪያ 16 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባለ የፌዴራል መሬት ላይ ለ20 ዓመት አዲስ የነዳጅና የጋዝ ውል እንዳይሰጥ ከለከሉ። በአካባቢው የሚኖረው የናቫሆ ሕዝብ መሪዎች ግን ከነዳጁ ገቢ የሚያገኙ ወገኖች ይጎዳሉ ብለው ተቃውመዋል።

ለመሄድ ካሰባችሁ በጸደይ ወይም በመኸር ሂዱ። ቻኮ ውስጥ ነዳጅ የለም፣ ምግብ የለም፣ ከድንኳን ሰፈር በቀር ማደሪያ የለም፤ ታንካችሁን ሞልታችሁ፣ ውኃና ስንቅ ይዛችሁ ግቡ። ከቻላችሁ እዚያው እደሩ፤ የሰማዩ ጨለማ የተመሰከረለት ነው። ሜሳ ቬርዴ ላይ ክሊፍ ፓላስ የሚገባው በአስጎብኚና በትኬት ስለሆነ አስቀድማችሁ ያዙ፤ መሰላል የሚፈራ ሰው ካለም ይወቀው። ከግንቡ ድንጋይ፣ ከመሬቱም የሸክላ ስብርባሪ አታንሡ፤ ሕጉ ይከለክላል።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ጉዞውን በፍርስራሽ አታብቁት፤ ታኦስ ወይም አኮማ ወደተባሉት ፑዌብሎዎች ሂዱ። ታኦስ ውስጥ ያለው የጭቃ ፎቅ ቤት ዛሬም ሰው የሚኖርበት መንደር ነው፤ በነባሩ ግቢ መብራትና የቧንቧ ውኃ አይገባም፣ ነዋሪዎቹ ስላልፈለጉ። ለራሳቸው ሥርዓት ብለው ለእንግዳ የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ ሳትነሡ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሰው ቤት ነውና ፎቶም ሳታስፈቅዱ አታንሡ።